ጋሽ ታደለ የቋጠሩት ነጠላ

ልጅ ሳለሁ ሸማ ተራ ግቢያችን ውስጥ ጋሽ ታደለ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ በጉልምስናቸው ነገረ ፈጅ ሆነው ለሰው የተሟገቱ። ማምሻውን የካውያቸውን ፍም ማንደጃ ላይ ገልብጠው፣ ፋኖሱን አጠገባቸው አድርገው የቃላትን ታሪክ ያወሩልናል። ያኔ ሌላው ልጅ የጅብ ተረት ሲሰማ እኛ «ጠበቃ» ከመጠበቅ እንደመጣ፣ «ይግባኝ»ም ጉዳዬ ወደ በላይ ዳኛ ይግባልኝ የሚል ሰው ጩኸት እንደሆነ እንሰማለን። በእሳቸው አፍ ቃል ሁሉ ነፍስ ይዘራል።

አንድ ምሽት «ቁራኛ»ን ነገሩን። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸው ጫፍ ተቋጥሮ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አብረው ይሄዱ ነበር። አንዱ ሌላው እንዳያመልጠው ዓይኑን አይነቅልም፤ «በዓይነ ቁራኛ» የምንለው ከዚያ ነው።

በዚያ ሰሞን እናቴና ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ጋቢ ለሽያጭ በሚዘረጉባት የገበያ ጥግ ተጣልተው ነበር። ጥጓን ያጣች ከገበያ መውጣቷ ነው። በዚያ ምሽት ማግስት ጎጃም በረንዳ ካሉ ሽማግሌ ዘንድ ሊዳኙ ተቀጣጥረዋል።

«ቋጥሬ ልላካችኋ!» አሉ ጋሽ ታደለ፣ ደጅ ተቀምጠው ሲሰሙ ወደነበሩት ወደ ሁለቱ ዞረው።

«ከእሷ ጋር? ከጅብ ጋር ቢያስሩኝ ይሻለኛል!» አለች እናቴ።

«ፈርታ ነው» አሉ እትዬ ዘይነባ።

እናቴ ፈሪ መባልን አትችልም። ጠዋት የሁለቱ ነጠላ ጫፍ ተቋጠረ፤ እኔም ተከተልኩ። ሥራ መፍታት የማትወደው እናቴ የሚሸጥ ጋቢ ትከሻዋ ላይ ጥላለች።

«ሙሽሮቹ! ሚዜ አትፈልጉም?» ይላሉ በመንገዱ የሚያልፉ ዕቃ ተሸካሚዎች።

መንገድ ላይ አንድ ገዢ ጋቢውን ጠየቀ። እናቴ እንዳኮረፈች ዋጋውን ብቻ ተናገረች። ሰውየው ፊቱን ሲያዞር እትዬ ዘይነባ አላስቻላቸውም።

«ኧረ ወንድሜ፣ ጥለቱን ሳታይ! ይህን ለብሰህ ብርድ ከነካህ እኔን ክሰሰኝ!»

ሰውየው ገዛ። እናቴ ዞራ አየቻቸው።

«ምን ታይኛለሽ? ገዢ ሲሄድ ማየት አልችልም፣ ምን ላድርግ!»

እናቴ ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ። ጎጃም በረንዳ ሳይደርሱ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ በዚያች ጥግ እናቴ ትዘረጋለች፣ እትዬ ዘይነባ ገዢ ይጣራሉ፤ የሁለቱም ጋቢ አብሮ ይሸጣል።

እኔም አድጌ፣ ከምንም ተነስቼ ሱቅ ከፈትኩ። ሱቅ ሲኖር ክስ አይቀርም፤ በጠበቃ ተሟግቼ ረትቻለሁ። ከባላጋራዬ ጋር ግን በተለያየ በር ገብተን በተለያየ በር ወጣን። የጋሽ ታደለን ጥበብ ያደነቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ያ ባላጋራዬ ሲስቅ ምን እንደሚመስል ዛሬም አላውቅምና።