ያለ አፈሩ የማይሰጥ ሣር

የአባቴ ቤት ከሀቢቾ ወጣ ብሎ ነው። ከቤቱ ፊት ለፊት የተንጣለለው ሰርዶ ለእሱ ሳሎኑ ማለት ነው። ሁላችንም የተዳርነው እዚያ ላይ ነው፤ እናታችንንም ያለቀስናት እዚያው ነው። ከልጆቹ አንዱ ጎጆ ሲወጣ አባቴ ከዚያ ሣር ጆንያ ሙሉ በአካፋ ከነአፈሩ ቆርጦ ይሰጣል። አፈሩ ይራገፍ ያለውን ይቆጣል። «ሣር ያለ አፈሩ አገር አይለምድም» ይላል። ሆሳዕና ያለው የኔ ግቢም የለበሰው ይህንኑ ሣር ነው።

አምና ሣሩ እዚህም እዚያም ቢጫ መሆን ጀመረ። ያውም በክረምት! ዝናብ እየዘነበበት በጥማት የሚሞት ሣር አይቼ አላውቅም። ግብርና ጽሕፈት ቤት የምሠራው እኔ ነኝና የቤተሰቡ ዐይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ነቅዬ ሳየው ሥሩ አጥሯል፣ ጠቁሯል፣ አባብጧል። ከቲማቲም ማሳ የማውቀውን ኔማቶድ ጠረጠርኩ፤ ወደ ላብራቶሪ የላክሁት አፈርም ያንኑ አረጋገጠ። በዐይን የማይታይ፣ ሥር እየመጠጠ የሚኖር ትል ነው። በቋንቋችን በሀዲይሳ ስም እንኳ አላገኘሁለትም፤ ለአባቴ «ትንሽ ትል» ብዬ አለፍኩት።

መፍትሔ ፍለጋ ኢንተርኔት ገባሁ። ስለ ሣር ትል ያገኘሁት ሁሉ የሚያወራው ስለ ጎልፍ ሜዳ ነው። ኬሚካል በትኑ፣ መሣሪያ እጠቡ፣ ሰው አይርገጠው ይላል። ኬሚካሉ እኛ ዘንድ አይገኝም፤ ቢገኝስ ጥጃ በሚግጥበትና ሕፃን በሚድህበት ላይ ማን ይበትነዋል? አባቴን ጎልፍ ምን እንደሆነ ባስረዳው ገረመው።

«ይህ ሁሉ ሣር ለአንዲት ኳስ? ለቅሶ አይቀመጡበትም?»

«አይቀመጡበትም።»

«ታዲያ ቢሞትባቸው ምን ቸገራቸው?»

ፍግ ጨመርንበት። በጋ ሲገባ ትሉን በሙቀት እንግደለው ብዬ የታመመውን ቦታ በላስቲክ ሸፈንኩት። ከላስቲኩ ሥር ሣሩ ሞተ፣ ቢጫው በሌላ በኩል ሰፋ። እጄን አጣምሬ ከማየት በቀር ምንም አልቀረኝም። ትምህርቴን እንደዚያ ጊዜ ጠልቼው አላውቅም። አባቴ ግን ይቀልዳል፤ «አህያ ‹እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል› አለች፤ የኔው ሳልሞት ቀደመኝ።»

በዚህ መሀል የመጨረሻዋ እህቴ ቦኖሻ ላይ ቤት ሠርታ፣ ጆንያዋን ይዛ መጣች። አባቴ ደስ ብሎት ገና አረንጓዴ ወደሆነው ጥግ አካፋውን ይዞ ሄደ። ስፈራው የኖርኩት ነገር ደረሰ።

«አባዬ፣ ተው። ትሉ የሚሄደው ከአፈሩ ጋር ነው። በአካፋም፣ በጫማም ይሄዳል።»

ቆም ብሎ አየኝ። «ለአንተ የሰጠሁህስ?»

ልዋሽ ፈለግሁ፤ አልሆነልኝም። «ጀምሮታል» አልኩ።

«ለሁሉም ሰጥተህ እኔ ጋ ሲደርስ ትል አለው?» አለች እህቴ፤ እንባዋ መጣ። አባቴ ጆንያውን ከእጇ ተቀብሎ ቀስ አድርጎ አጣጠፈና መልሶ ሰጣት። «ከመንገድ ዳር ያገኘሽውን ትከይ። ከኔ አትውሰጂ።» ከዚያ ግቢ ባዶ ጆንያ ይዞ የወጣ ልጅ ከእሷ በፊት አልነበረም። እስከ አስፋልቱ ስሸኛት ከፊቴ ቀድማ ሄደች።

ከወራት በኋላ አባቴ ለሕክምና ሆሳዕና መጣ። በሩን ስከፍትለት ኮብልስቶኑ ላይ በካልሲ ቆሟል። ጫማውን በፌስታል ቋጥሮ በእጁ ይዟል።

«አባዬ፣ ምን ሆነሃል? ጫማህን አድርግና ግባ። የኔ ሣርማ አልቋል።»

ፌስታሉን ጠበቅ አድርጎ ያዘና አጥሩን አሻግሮ ተመለከተ።

«ጎረቤት አለህ አይደል?» አለኝ።