በአምቡሊ ዳር የተሠራው ቤት

የልጅ ልጄ ሂሩት ስለ ጂቡቲ የድሮ ቤቶች ለትምህርት ቤቷ የጻፈችውን ባለፈው ሳምንት አነበበችልኝ። ከባሕር በተቆረጠ ድንጋይ ስለተሠሩት ባለ በረንዳ ቤቶች አሳምራ ጽፋለች። መጨረሻው ላይ ግን፣ «ቅድመ አያቴም አምቡሊ ላይ ቤት ሠርተው ነበር፤ አንድ ዐረብ አታሎ የወንዝ መንገድ ላይ አሠራቸው» ይላል። ይህን ታሪክ ቤታችን ውስጥ የማያውቅ የለም። የያዝኩትን ሻይ አስቀመጥኩት።

አባቴ የቡልጋ ሰው ነበር። ከባቡሩ ሥራ ጋር ወርዶ በግንበኝነት የሰው ቤት ሲሠራ ኖረ። ፈረንጁና ነጋዴው እሱ ባቆመው ግድግዳ ሲጠለሉ እኛ በጣውላና በሰሌን ቤት እንቀቀል ነበር። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ ውሃ የምቀዳውም እኔ ነኝ። ከአምቡሊ ጉድጓድ እስከ ሰፈራችን በዚያ ፀሐይ መሸከም ምን እንደሆነ ትከሻዬ እስከ ዛሬ ያውቀዋል። ዐረብኛም የለመድኩት እዚያው ወረፋ ላይ ነው። አባዬ ግን ከሰላምታ አላለፈም።

በመጨረሻ የራሱን ቤት ሊሠራ ከአምቡሊ ወንዝ ዳር ቦታ መረጠ። ወንዝ አልኩ እንጂ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። አጠገቡ የዐረቡ የሼህ ሳሊም አትክልት ቦታ ነበር፤ ቴምር፣ ሎሚ፣ ሐብሐብ፣ ከሁሉም በላይ ጉድጓድ። ከበራችን ሃያ እርምጃ አይሞላም። መሠረቱ የተቆፈረ ቀን ሽማግሌው መጡና በበትራቸው ወደ ተራራው እያመለከቱ፣ «ልጄ፣ ለአባትሽ ንገሪው፤ ወንዝ መንገዱን አይረሳም። ወደ ከፍታው ወጥቶ ይሥራ» አሉኝ።

ከፍታው ከጉድጓዱ ሩቅ ነው።

«ምን ይላሉ?» አለ አባዬ።

«ቦታው የተባረከ ነው ይላሉ» አልኩ።

ደስ ብሎት ጎንበስ አለና እጃቸውን ሳመ። እሳቸውም ግራ ገብቷቸው እኔን አዩኝ።

ቤቱ አልቆ በኖራ ነጭ ሆነ። ኅዳር ላይ ተራራው ደመነ ሲባል አባዬ ሳቀ፤ ለደገኛ ክረምት መስከረም ላይ አብቅቷል። የጾም ምስራችንን እየበላን፣ በላያችን ሰማዩ እንደጠራ፣ መሬቱ አጉረመረመ። ሼህ ሳሊም እየሮጡ መጥተው እናቴን በእጇ ጎተቷት፤ ተከትለን ወደ ከፍታው ወጣን። ከተራራው የወረደው ድፍርስ ጎርፍ ያመጣው የቴምር ግንድ የቤቱን ማዕዘን መታው፤ ግድግዳው ተራ በተራ ተቀመጠ። አባዬ በምን ቅጽበት እንዳነሳው እንጃ፣ የግንብ ማቅኛ ቱንቢውን ጨብጦ ቆሟል።

«የተባረከ ነው ብለው አልነበረም?» ብሎ ጣቱን ሼሁ ላይ ቀሰረ። «ንገሪያቸው!»

«አባቴ ያመሰግንዎታል» አልኩ በዐረብኛ።

ሼሁ ጣቱን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን አዩ፤ ገባቸው። ከፍታው ላይ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሞልቶ ነበር፤ እኔን ለማጋለጥ አንድ ቃል ይበቃቸው ነበር። ኩታቸውን አውልቀው በእናቴ እርጥብ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉና ሄዱ። አባዬ እስኪሞት ሰላም አላላቸውም። እኔም አፍሬ፣ ከሌላ ጉድጓድ እቀዳ ጀመር።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ አልቀለለኝም።

«ያንን የመጨረሻውን አጥፊው» አልኳት ሂሩትን፤ ሁሉንም ነገርኳት።

«እማማ፣ ታዲያ ሰውዬው ምን ነበር ያሉት?»

በዐረብኛ፣ እሳቸው እንዳሉት አልኩላት። ከዚያም በአማርኛ፦ «ወንዝ መንገዱን አይረሳም። ወደ ከፍታው ወጥቶ ይሥራ።» በአማርኛ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር።