ሁለቱ ሽጉጦችና አየነው

የዘመቻ ትእዛዙ ዳንግላ ካምፕ የደረሰን ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ከእንጅባራ በላይ ቀርከሃ የለበሰ ኮረብታ አለ። እዚያ የመሸጉ ሽፍቶች የገበሬውን ከብት እየነዱ አገሩን ስላስመረሩት፣ ቅዳሜ ጠዋት እንድናስለቅቃቸው ታዘዝን። ሠላሳ አራት ፈረሰኞች ነበርን። እኔ አስር አለቃና የመሣሪያ ጠጋኝ ነበርሁ። ዘመኑ የንጉሡ ነው፤ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ግድም። ይህን የምጽፈው ጀግንነት ለማውራት አይደለም። ያን ዘመቻ ሳስበው የምጸየፈው ሽፍቶቹን አይደለም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ሽጉጦቹ መናገር አለብኝ። በዚያ ሳምንት በሣጥን ታሽገው አዳዲስ ሽጉጦች መጥተውልን ነበር። አሮጌዎቹም አዲሶቹም ከኋላ የሚታይ መዶሻ የላቸውም። ጥይቱን የሚመታው በሆዳቸው ውስጥ ሞላ የሚገፋው መርፌ ነው። ከላይ ለሚያያቸው የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ፤ ልዩነታቸው ምላጩ ላይ ነው። አሮጌው ሲጎርስ መርፌው ወደ ኋላ የሚሄደው ግማሽ መንገድ ብቻ ነው። የቀረውን የሚጎትተው የተኳሹ ጣት ነው። ስለዚህ ምላጩ ረጅምና ከባድ ነው፤ ሰው አስቦበት ካልሳበው አይተኩስም። ለፈረሰኛ ተብሎ የተሠራ ነበር። አዲሱ ግን ሲጎርስ መርፌው እስከ መጨረሻው ተወጥሮ ይቆማል። የምላጩ ሥራ መልቀቅ ብቻ ነው። መሬት ላይ ቆሞ ዒላማ ለሚመታ ሰው ከእሱ የሚሻል አልነበረም፤ ይህን አልክድም። በጎኑ ትንሽ መቆለፊያ አለችው። እሷ ካልተቆለፈች ግን ጠበቅ ሲያደርጉት ይባርቃል።

የፈረሰኛ ግራ እጅ ልጓም ላይ ነው። በአንድ እጅ፣ በሚዘል ፈረስ ላይ ሆኖ ጥይት ማጉረስ አይቻልም። ስለዚህ የክፍላችን ልማድ ከመነሣታችን በፊት አጉርሰን፣ አቀበቱ ሲጀምር ሽጉጡን ከአፎቱ አውጥተን፣ ጣታችንን ምላጩ ላይ አሳርፈን መውጣት ነበር። በአሮጌው ሽጉጥ ይህ አንድም ቀን ጉዳት አላመጣብንም። ልማዱን ለአዲስ ገቢ ሁሉ የማስተምረው ደግሞ እኔ ነበርሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ አስተምሬዋለሁ።

መቶ አለቃችን ትእዛዙ በደረሰ በሰዓቱ አሮጌዎቹ ተሰብስበው አዲሶቹ እንዲታደሉ አዘዘ። ከበላይ የሚመጡ እንግዶች ነበሩበትና ከድል ስንመለስ በሚያብረቀርቅ መሣሪያ እንዲያዩን ፈልጎ ነው። ምላጩ ሌላ መሆኑን፣ ሰዎቹ ጣታቸውን እስኪያርሙ ቢያንስ ጥቂት ቀን እንደሚያስፈልገኝ ነገርሁት። ቦት ጫማውን በጨርቅ እያስወለወለ ነበር።

«አንተ ብረት ጠጋኝ ነህ» አለኝ። «ጦሩን የማዝዘው እኔ ነኝ።»

የቻልሁትን ያህል ሞከርሁ። እያንዳንዱን ሰው ጠርቼ መቆለፊያዋን አሳየሁ። ግን መቆለፊያዋ አዲስ ስለሆነች ትከብዳለች። በደጋ ብርድ የደነዘዘ አውራ ጣት አይከፍታትም። ሰዎቹ ሞከሩና ሽፍታ ፊት ቆመው ከእሷ ጋር ከሚታገሉ ከፍተዋት ለመሄድ ወሰኑ። እኔ በእነሱ ቦታ ብሆንም ያንኑ አደርግ ነበር።

አዲሶቹ በቁጥር አንድ ጎድለው ስለነበር እኔ አሮጌዬን እንደያዝሁ ቀረሁ። ይህን ያየው አየነው ነው። አየነው ግምጃ ቤት ከሚባለው የአገው አገር የመጣ ልጅ፣ በፈረስ አያያዝ ከክፍሉ የሚወዳደረው የሌለ ሰው ነበር። ትንሿን አገውኛዬን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ፈረስ በአማርኛ ሲያዝዙት ይንቃል እያለ ያበሽቀኝ ነበር። አዲሱን ባዶውን ሁለት ሦስት ጊዜ ሳበውና ፊቱን አጨማደደ።

«ይኼ ችኩል ነው፤ ለፈረስ አይሆንም» አለኝ። «ያንተን ስጠኝና ይህን ያዝልኝ። አንተ እንደሆን ከኋላ ነህ።»

እውነቱን ነበር፤ የእኔ ቦታ ከስንቅ በቅሎዎቹ ጋር ነው። መቶ አለቃው ያየናል ብዬ ፈራሁ። ትእዛዝ ነው አልሁት። አየነው አልተከራከረም፤ ሽጉጡን አፎቱ ውስጥ ከትቶ ወደ ፈረሱ ሄደ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከኮረብታው ሥር ደረስን። ጉም ነበር። የሚቀድመን ሰው ጀርባ እንጂ ሌላ አይታየንም። አቀበቱን ጀመርን። ሽጉጦች ወጡ። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል እንደወጣን ከላይ ከቀርከሃው ውስጥ ተተኮሰብን። የመጀመሪያው ጥይት ማንንም አላገኘም። የአየነው ፈረስ ግን ደንግጦ በኋላ እግሩ ቆመ። ጉሙ ለአፍታ ገለጥ ብሎ ነበርና ከታች ሆኜ አየሁት። አየነው በግራ እጁ ልጓሙን አጥብቆ ያዘ። ቀኝ እጁም አብሮ ጠበቀ። ሽጉጡ ባረቀ። ጥይቱ ከጎድኑ ሥር ገባ።

ከፈረሱ አውርደን ከመንገዱ ዳር አስተኛነው። ጦሩ አልፎን ወጣ። እኔ ነጠላዬን ቁስሉ ላይ ይዤ ከእሱ ጋር ቀረሁ።

«አልሳብሁትም» አለኝ። «እጄን ጨበጥሁ እንጂ አልሳብሁትም። ለእናቴ ንገርልኝ።»

እነግራለሁ አልሁት። ብዙም አልቆየም። እኛ ኮረብታውን የያዝነው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከላይ ሁለት ጓዶቻችን ወድቀዋል። ከሽፍቶቹ ሁለት ሞቱ፤ የቀሩት በማዶው ቁልቁለት ሸሹ።

መቶ አለቃው ስድስት ሰዓት ላይ ጸሐፊውን ጠርቶ ሪፖርቱን አስጻፈ። ስለ ሽጉጥ ለውጡ አንድ ቃል አልነበረበትም። አየነው ውጊያውን ፈርቶ ራሱን ገደለ ይላል። ከሥሩ ሽጉጡ እንከን የሌለው መሆኑን መሣሪያ ጠጋኙ እንዲፈርም ቦታ ተትቷል። እንከን እንደሌለው እውነት ነው፤ ሽጉጡ የተሠራበትን ነው የሠራው። ግን ከላይ ያለውን አንብቤዋለሁ። አልፈርምም ለማለት አፌን ከፈትሁ።

«ጣታቸውን ምላጭ ላይ እንዲያሳርፉ ያስተማራቸው ማን ነው?» አለ መቶ አለቃው፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

ፈረምሁ። ብዕሩ የእሱ ነበር። ተቀብሎኝ በመሐረብ ጠረገው።

የአየነውን አስከሬን በቃሬዛ ተሸክመን እሑድ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ከትውልድ አጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ሪፖርቱ በፈረሰኛ ተልኮ ቀድሞናል። ቄሰ ገበዙ ከቅጥሩ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ራሱን ለገደለ ፍትሐት እንደሌለ፣ ቅጥሩ ውስጥም እንደማይቀበር ነገሩን። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እያለቀሱ ነው የተናገሩት። አማርኛ የማትሰማው እናቱ ከሰዎቹ ፊት ሁኔታውን ተረድታ ከቃሬዛው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ባሏን ቀብራ አንድ ልጇን ያሳደገች ሴት ናት። አሁን ልጇን እንደ ውሻ ሜዳ ላይ ቅበሪ እየተባለች ነው።

ያን ጊዜ ራሴን ተጸየፍሁ። ካምፕ ልመልሰው የያዝሁትን የአየነውን ሽጉጥ በቀኜ፣ የእኔን አሮጌ በግራዬ ታጥቄ ነበር። ሁለቱንም አውጥቼ ጥይታቸውን በሰው ፊት አራገፍሁ። አፈሙዛቸውን ወደ መሬት አድርጌ ወደ ኋላ ስቤ አዘጋጀኋቸውና ለቄሰ ገበዙ ዘረጋሁላቸው። ምላጮቹን ይሳቡና ይፍረዱ አልኋቸው። መስቀል የሚይዝ እጃቸው ይህን እንደማይነካ ነግረውኝ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

እጇን የዘረጋችው እናቱ ናት። ምን እንደማደርግ በተሰባበረው አገውኛዬ ነገርኋት። አሮጌውን ሰጠኋት። አንድ ጣቷ አልበቃትም፤ ሁለት አድርጋ በኃይል ስትስበው ነው ቀጭ ያለው። ከዚያ የልጇን ሰጠኋት። ገና በወጉ ሳትይዘው ቀጭ አለ። እንደገና አዘጋጀሁላት። እንደገና ያው ሆነ። ሽጉጡን መሬት ላይ አስቀመጠችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ፈረሱ እንደቆመ፣ ልጇ ልጓሙን ሲይዝ ሌላው እጁም እንደጠበቀ፣ ያለኝንም ቃል በሁለቱም ቋንቋ ተናገርሁ። በሩ ላይ ከቆሙት ሽማግሌዎች ፈረሰኛ የነበሩት በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቄሰ ገበዙ የሪፖርቱን ወረቀት ከካባቸው አወጡ።

«ይህ ከታች ያለው ፊርማ የማን ነው?»

«የእኔ ነው፣ አባ።»

«አንብበኸው ነው የፈረምኸው?»

«አንብቤ ነው።»

ቃሬዛው እንዲገባ አዘዙ። ካህናቱ ተጠሩ፤ ደወሉም ተደወለ። እኔ ቃሬዛውን ለማንሣት ጎንበስ ስል እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ።

«እሱ ይግባ» አሉኝ። «አንተ ከዚህ ቆይ።»

ቆየሁ። ፍትሐቱን ከቅጥሩ ውጭ ግንቡን ተደግፌ ሰማሁት። ሌሎቹ አፈር ሲያለብሱት የአካፋው ድምፅ ይሰማኛል። እናቱ ስትወጣ በአጠገቤ አለፈች፤ አላየችኝም፣ ወይም ማየት አልፈለገችም። አልፈርድባትም።

እንግዶቹ በሳምንቱ መጡ። በአዲሶቹ ሽጉጦች ተሰልፈን ታየን፤ መቶ አለቃውም ተመሰገነ። እኔም እዚያ ቆሜ ሰላምታ ሰጠሁ። ሪፖርቱ እንዲታረም ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አመለከትሁ። መልስ አልመጣም። ሦስተኛ ጊዜ ለማመልከት ድፍረቱ አልነበረኝም።

በዚያ ኮረብታ ላይ ከሽፍቶቹ ሁለት፣ ከእኛ ሦስት ሰው ሞቷል። መዝገቡ ከእኛ ሁለት ነው የሚለው፤ ራሱን የገደለ ከወደቁት ጋር አይቆጠርም። ስለ ጦር ሜዳ የሚጠይቁኝ ልጆች ጠላትን እንዴት እንደገጠምን መስማት ይፈልጋሉ። የማስታውሰው ግን የሰው ብዕር ተውሼ የጻፍሁትን ስሜን ነው። ሦስት ነበሩ። ቆጥሬያቸዋለሁ።