ከጃንጥላው ሥር ያለው ሜዳይ

ከባለቤቴ ከደሳለ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻው ሥራ ጆንያ መስፋት ነበር። የገብሱ ጆንያ አፉ ተተርትሯል። እሱ በሁለት እጁ ገጥሞ ይይዝልኛል፣ እኔ በትልቁ መርፌ እሰፋለሁ። ጥቂት እንደሄድሁ መርፌውን ከእጄ ወሰደ። ስፌት ሲያይ አያስችለውም ነበር። ወታደር ሳለ ድንኳን ሲጠግን እንደለመደው፣ በየሦስት ስፌቱ አንድ ቋጠሮ እያሰረ ጨረሰው።

«አንዱ ጋ ቢበጠስ ሌላው ይቆማል» አለኝ።

«ክር ታባክናለህ» አልሁት።

ከዚያ ራታችንን በላን። በሳምንቱ ልቡ ድንገት ቆመ።

አርብ፣ ጥር 19፣ ፍላቂት

ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ደርሻለሁ። የገብስ ቃርሚያው ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። አፍንጫዬን በነጠላዬ ሸፍኜ የሚኒባሱን ሞተር መሞቅ እጠብቃለሁ። ሹፌሩ ጋሻው አራተኛ ክፍል ያስተማርሁት ልጅ ነው፤ አሁን ጢም አብቅሏል።

«ቲቸር፣ እርስዎ ገቢና ይግቡ» አለና በር ከፈተልኝ። ከኋላ ሰው በሰው ላይ ይጭናል። አንድ በግ የያዙ ሽማግሌ፣ «ኧረ በቃህ፣ እኛ ጭነት ነን እንዴ?» ብለው ተቆጡ።

«አባባ፣ ቲቸርን ይጠይቁልኝ» አላቸው። «መደመር አስተምረውኝ መቀነስ ሳንደርስ ነው ያቋረጥሁት።»

በጉ ጭምር የሳቀ መሰለኝ።

መንገድ ስንጀምር ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ። የደሳለን የሠራዊት ፋይል ላስተካክል ወደ ላሊበላ እየሄድሁ ነው አልሁት። ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም፤ ለቅሶው ላይ ነበረ፣ ያውቃል።

ለማያውቅ ግን ልጻፈው። በቀብሩ ዕለት እንደ አገራችን ልማድ ልብሱንና ጠመንጃውን አውጥተው ለቅሶው መሐል አዞሩለት። አስለቃሿ ስለ ጀግንነቱ ስታነሳ፣ አንድ ሰው ከኋላዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጀግና ከነበረ ሜዳዩ የታለ?» ሲል ሰማሁ። በክፋት አላለውም፤ የዩኒፎርሙን ባዶ ደረት አይቶ ነው። ቀጥሎ የሕይወት ታሪኩ ተነበበ። ከፋይሉ የተቀዳው፣ ዘመተ፣ ቆሰለ፣ ተሰናበተ የሚል ብቻ ነው። ደሳለ ከኤርትራ ጋር በነበረው ጦርነት ተሸልሟል። ሜዳዩን አዛዡ ይዞለት የመጣው ግን ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ፋይሉ ለስንብት ቀድሞት ከሄደ በኋላ ነው። ፋይሉ ላይ ሳይጻፍ ቀረ። እሱም ይጻፍልኝ ብሎ አንድ ቀን በር አላንኳኳም። ሜዳዩም ቤታችን የለም። የት እንዳለ ስጠይቀው «አደራ ቦታ ነው» ከማለት አያልፍም።

ሙት ዓመቱ ሚያዝያ ላይ ነው። ያን ቀን ታሪኩ ዳግመኛ ይነበባል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ልጆችን የተጻፈውን አንብቡ ስል የኖርሁ ሰው ነኝ። ያልተሟላው ወረቀት በእሱ ስም ዳግመኛ እንዲነበብ አልፈልግም።

ጋሸና፣ ከዚያም ቁልቁል

ጋሸና ላይ ነፋሱ ሰው ይገፋል። ሻይ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቅፎ ይዟል። አርብ ነውና ሽሮ በልቼ የላሊበላ መኪና ተሳፈርሁ።

ከዚህ በኋላ ምድሩ ይወርዳል። ይህን መንገድ ብዙ ጊዜ አልፌበታለሁ፤ ሁልጊዜ ግን ከደሳለ ጋር ስለነበርሁ ስናወራ አላየሁትም። አሁን አየዋለሁ። አምባው በአንድ ጊዜ ያልቅና ከእግር በታች ሌላ አገር ይጀምራል፤ ገደል፣ ከገደሉ ሥር እርከን፣ በእርከኑ ላይ በጭድ የተከደኑ ጎጆዎች፣ ከዚያም ሌላ ገደል። ከወዲያ ማዶ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ግማሹን ሰማይ ይዞ ቆሟል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት አማተበች፤ ገደሉን ፈርታ ይሁን አገሩን አድንቃ አልለየሁም። እኔም አማተብሁ።

ላሊበላ ከሰዓት ገባሁ። የቀድሞ ወታደሮች ቢሮው ከገበያው በላይ ካሉት ቆርቆሮ ቤቶች አንዱ ነው። ፋይሉን የያዘው ሃምሳ አለቃ ንጉሤ የሚባል፣ ራሱም የቀድሞ ወታደር የሆነ ሰው ነው። ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበለኝ።

«እትዬ የሺ፣ ባለቤትዎ ጀግና እንደነበሩ እኔም ሰምቻለሁ። የእኔ መስማት ግን ፋይል ውስጥ አይገባም። ሁለት ምስክርና ሜዳዩ፤ ይኸው ነው።»

«ምስክሮቹ ፈርመዋል። ሜዳዩ ገነተ ማርያም ነው፤ ለታቦት ተሰጥቷል።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ይህን ያወቅሁት በደሳለ አርባ ላይ ከጓደኛው ከአያሌው እንደሆነ፣ ስለት እንደነበረ ነገርሁት። ለታቦት የገባ ዕቃ ተመልሶ እንደማይወጣ ለእሱ መንገር አላስፈለገኝም፤ የላስታ ሰው ነው።

«እንግዲህ ታቦቱን ቢሮ አምጡልኝ አልልም» አለ። ቆይቶ ደግሞ መመሪያውን ገልጦ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «በዓይን ታይቶ ይረጋገጥ ነው የሚለው። የት ይታይ አይልም። እሑድ የእመቤታችን በዓል ነው፤ እኔም ልሳለም እመጣለሁ።»

ቅዳሜ፣ ጥር 20፣ ወደ ገነተ ማርያም

አያሌው ከመንደሩ ከብልባላ በቅሎውን እየሳበ መጥቶ በማለዳ ካደርሁበት ቤት ደጃፍ ላይ ጠበቀኝ። ግራ እግሩን ይስባል፤ ጥይት ጉልበቱን የመታው በዚያ ጦርነት ነው።

«ይውጡባት እትዬ።»

«አንተ እያነከስህ እኔ በቅሎ ላይ?»

«እሷም ታነክሳለች። እርስዎም በእግር ከሄዱ ማነከስዎ አይቀርም፤ ሦስት አንካሳ አንድ መንገድ ላይ አያምርም፤ አንዱ እንኳ ይቀመጥ።»

ወጣሁ። መንገዱ በወይራና በጽድ መሐል ይወጣል፣ ይወርዳል። ነጭ የለበሱ በዓለኞች በየተረተሩ ላይ ይታያሉ፤ ከሩቅ ሲያዩዋቸው የተበተነ ጥጥ ይመስላሉ። አውድማው ላይ ገብስ የሚያበራዩ ሰዎች ሥራቸውን ትተው «በእግዜር፣ እኛንም አስቡን» ይሉናል።

ደሳለ ሲተርክልኝ የኖረው ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ቅማሉ፣ ስለ ጨው አልባው ወጥ ነበር። ስለ ዋናው ነገር አፍ የፈታልኝ አያሌው ነው። የበቅሎዋን ልጓም ይዞ ወደ ፊት እያየ ነገረኝ።

«ሜዳ ላይ ወድቄ ነበር። ሌሎቹ አልፈውኛል፤ አልቀየምም፣ እኔም ብሆን አልፍ ነበር። እሱ ተመለሰ። ጀርባው ላይ አዝሎኝ ሲሮጥ ይናገራል። ለእኔ መስሎኝ "ምን አልህ?" እለዋለሁ። ለካ ከእኔ ጋር አይደለም የሚያወራው።»

«ምን ይላል?»

«"ገነተ ማርያም፣ ይህን ሰው ካወጣሽልኝ፣ በዚህ የማገኘው ሁሉ ያንቺ ነው" ይላል። እኔን አውርዶ ሁለተኛ ተመለሰ፣ ሌላም ሰው አመጣ። በሦስተኛው እሱም ተመታ። እኔማ እንዲያ ሲሳል "ምን ልታገኝ ነው ጅል፣ ጥይት ነው የምታገኘው" ብዬዋለሁ። ሜዳይ ይሰጡታል ብሎ ማን አሰበ? ሲሰጡት ቃሉን ጠበቀ።»

ያን ሁሉ ዓመት አጠገቤ ተኝቶ ያደረ ሰው ይህን ተሸክሞ ነበር።

ገነተ ማርያም ስንደርስ ፀሐይ ወደ ማዘንበሉ ነበረች። ቤተ ክርስቲያኑ ከቀይ ዓለት ተፈልፍሎ፣ በአራቱም ማዕዘን ዓምዶቹን አቁሞ ጉድጓዱ ውስጥ ቆሟል። ጣሪያው ከቆምንበት መሬት ጋር ትክክል ነው። ሰው ቤት ሲሠራ ድንጋይ ይጨምራል፤ እዚህ ግን የማይፈለገውን ድንጋይ እየቀነሱ ሄደው ቤቱ ቀርቷል። ከበቅሎዋ ወርጄ ጫማዬን ፈታሁ።

ቄሰ ገበዙ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ንግግራቸው ቀስ ያለ አባት ናቸው። መስቀል ተሳልሜ የመጣሁበትን ነገርኋቸው።

«ደሳለን አውቀዋለሁ» አሉ። «ጃንጥላ ገዝቶ ከሜዳዩ ጋር ነው ያመጣው። ሜዳዩን ጃንጥላው ላይ እኔው ልስፋ ብሎ ለመነኝ፤ ገና አልተባረከምና ፈቀድሁለት። አሁን ለዋዜማው እየተሰናዳን ነው። ነገ ከታቦቱ ጋር ሲወጣ ታዩታላችሁ።»

እሑድ፣ ጥር 21

ሃምሳ አለቃ ንጉሤ በጠዋት መጣ። ነጭ ጋቢ ለብሷል፣ ባዶ እግሩን ነው። ሦስታችን ታቦቱ የሚያልፍበትን ቦታ መርጠን ቆምን። «እኔ በቀኝ፣ እርስዎ በግራ፣ አያሌው በመሐል» ብሎ እንደ ጥበቃ ደለደለን።

ከበሮው ከጉድጓዱ ውስጥ ጀመረ። መጀመሪያ ከምድር ሥር የሚመጣ ነጎድጓድ መሰለኝ። ከዚያ መስቀሎቹ፣ ከዚያ የጃንጥላዎቹ ጫፎች አንድ በአንድ ከዓለቱ አፍ ብቅ አሉ፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወርቅማ። እልልታው ተራራውን መትቶ ተመለሰ። ቆሜ አያለሁ ብዬ ነበር፤ ለዚህም ነው ከፍላቂት የመጣሁት። ታቦቱ ፊቴ ሲደርስ ግን ግንባሬን አፈር ላይ አገኘሁት። እንዴት እንደወደቅሁ አላውቅም። የጃንጥላው ጥላ በጀርባዬ ላይ ሲያልፍ ቅዝቃዜው ተሰማኝ።

ቀና ስል ታቦቱ አልፏል። የሚታየኝ የካህናቱ ጀርባ ብቻ ነው።

«አዩት?» አለኝ ሃምሳ አለቃው። ግንባሩ ላይ አፈር አለ።

«አላየሁም። አንተስ?»

«እኔም ሰገድሁ።»

አያሌው ሆዱን ይዞ ይስቃል። «እኔ በየዓመቱ እመጣለሁ። በላዬ ላይ ነው የሚያልፈው፤ አንድም ቀን አላየሁትም። ታቦት ሲያልፍ ማን ቀና ይላል?»

ያን ሁሉ ዓመት የደሳለ ሜዳይ በአገሩ ሰው ሁሉ ራስ ላይ እያለፈ፣ አገሩ ሁሉ አቀርቅሮ ኖሯል።

ታቦቱ ዞሮ ከገባ በኋላ ቄሰ ገበዙ ጃንጥላውን ሳያጥፉ ጠሩን። ከውጭ ዘርፍና መስቀል እንጂ ሌላ የለበትም። «ከሥሩ ግቡ» አሉን። ገባን። ቀና አልሁ። ከውስጥ በኩል፣ ምሰሶው ከጨርቁ በሚገናኝበት አጠገብ ሜዳዩ አለ። በጥቁር የጆንያ ክር ተሰፍቷል። በየሦስት ስፌቱ አንድ ቋጠሮ አለው።

የማንም ምስክርነት አላስፈለገኝም። እጄን ዘርግቼ ሳልነካው መለስሁት።

«ለምን ከውስጥ?» አልኋቸው።

«እኔም ጠይቄዋለሁ። "ውጭው ለሰው ነው አባ፤ ውስጡን እሷ ታየዋለች" አለኝ።»

«አባ፣ እሱ የሰወረውን እኔ ይጻፍ ማለቴ ያስቀይመው ይሆን?»

«ሜዳዩ የእመቤታችን ነው፤ ካለበት አይነሳም። ያደረገው ነገር ግን የቤተሰቡም፣ ተሸክሞ ያወጣው የዚህ ሰውም ነው» ብለው አያሌውን አመለከቱ። «ያደረገውን ለታቦት አልሰጠም።»

ሃምሳ አለቃው ጀርባውን ቀጥ አድርጎ ቆመ። ቀኝ እጁ ለሰላምታ ተነሳ፤ ግንባሩ ጋ ሲደርስ ያለበት ቦታ ትዝ ብሎት ነው መሰል፣ አማተበ።

ሰኞ፣ ጥር 22፣ ላሊበላ

ቢሮው ውስጥ የደሳለን ፋይል አውጥቶ ቀስ ብሎ ጻፈ። እኔ ተማሪዎቼን አቆም እንደነበረው ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝ። በጦር ሜዳ የቆሰሉ ጓዶቹን ተሸክሞ በማውጣቱ የጀግንነት ሜዳይ የተሸለመ፣ ይላል። ሜዳዩ የታየበት ቦታ በሚለው ላይ «ገነተ ማርያም፣ ከጃንጥላው ውስጥ» ብሎ ጽፎ ማኅተሙን መታበት።

«እንዲህ ያለ ቦታ ጽፌ አላውቅም» አለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 23፣ ፍላቂት

ከጋሸና ወዲህ ያመጣኝ እንደገና ጋሻው ነው። «ተሳካ ቲቸር?» አለኝ። ቅጂውን ሰጠሁት። መኪናውን ጥግ አቁሞ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ እስከ መጨረሻው አነበበው። በጥሩ ሁኔታ አነበበ።

ይህን ከጻፍሁ ወዲህ ሚያዝያ ደርሶ፣ በሙት ዓመቱ ይኸው ቃል ለሕዝቡ ተነበበ። ዩኒፎርሙ ደረቱ ባዶ እንደሆነ ወጣ፤ ሜዳዩ የታለ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ጆንያ አሁን የምሰፋው ብቻዬን ነው። አፉን በጉልበቴ ገጥሜ እይዛለሁ፤ በየሦስት ስፌቱ ቋጠሮ አስራለሁ።