እየሰፋ የሄደው ቤት

ቤቱ በየሳምንቱ ይሰፋ ነበር። ግድግዳው አልተገፋም፣ ጣሪያው አልተነሳም፤ ግን ይሰፋል። መጀመሪያ የግድግዳ ሰዓቱ ሄደ፤ ቀጥሎ ከበሩ አጠገብ የነበረው ጠረጴዛ፤ ከዚያ ባለ መስታወቱ ቁም ሳጥን። ቁም ሳጥኑ ሲነሳ ከጀርባው ያለው ግድግዳ ልክ እንደተቀባበት ቀን ሰማያዊ ሆኖ ተገኘ። ሌላው ግድግዳ በጭስና በዓመታት ብዛት አመድ ሲመስል፣ ያቺ ቁራጭ ብቻ ከዕቃው ጀርባ ተሸሽጋ ሳታረጅ ኖራለች። እንዴት ታምራለች! እንዴትስ ታስፈራለች! ጎረቤቶች ብቅ እያሉ «ቤትሽ እንዴት ደስ ይላል፣ አየር አገኘ እኮ» ይሏታል። እሷም «የማይረባ ዕቃ ታቅፎ መኖር ምን ያደርግልኛል?» ብላ ትስቃለች። ጎረቤቶቹ ሲወጡ ሳቋ እዚያው በሩ ላይ ይቀራል፤ ዓይኗ ቀጥሎ የሚሄደውን ዕቃ ይፈልጋል።

በልባሽ ጨርቅ ተራ «እንዳዲስ» ነው የሚሏት። የባለሱቁ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ ከቦንዳ የወጣውን ሰልባጅ ስታድስ ትውላለች። የነተበ ኮሌታ ፈትታ ትገለብጣለች፣ ክርኑ የተበላ ሹራብ ትጥፋለች፣ ከአዋቂ ኮት የልጅ ካፖርት ታወጣለች። ገዢ ካመነታ «እንዳዲስ ነው እኮ የኔ ጌታ፣ ሽታው ብቻ ነው ያረጀው!» ትለዋለች። ቃሉ ስም ሆኖባት ቀረ።

ባሏ አናጢ ነው። ድሮ፣ ሁለቱም ጤነኛ ሳሉ፣ ቁጠባ ለእነሱ ጨዋታ ነበር። ሠርግ ሲጠሩም ሆነ ጎረቤት ስትወልድ ከሱቅ የተገዛ ስጦታ ይዘው ሄደው አያውቁም። እሱ ከአሮጌ ዕቃ ተራ እግሩ የተሰበረ ወንበር በርካሽ ይገዛል፤ ይጠግነዋል፣ ይልገዋል፣ ቫርኒሽ ይቀባዋል። እሷ ከጨርቅ ቁርጥራጭ መቀመጫውን ትሰፋለታለች። ሰዎች መጀመሪያ ይስቁባቸዋል፤ ትንሽ ቆይተው «ከየት ነው የገዛችሁት?» ብለው በጆሯቸው ይጠይቋቸዋል። በቤታቸውም ውስጥ የተረሳ ነገር ካገኙ አጥበውና አሳምረው ለሚፈልገው ይሰጡታል። እንዲህ ሆነው ከሰው ሳያንሱ ኖሩ።

ከዚያ የአናጢው ኩላሊት ታመመ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰኞና ሐሙስ፣ ለእጥበት ሆስፒታል ይሄዳል። የሰው ደም ከገዛ ሰውነቱ በቱቦ ይወጣል፣ ማሽን ውስጥ ዞሮ ይታጠባል፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል! ወጪውን የሚሸፍነው ዕድሜውን የጨረሰበት የእንጨት ፋብሪካ ነበር። ገና ሕክምናው ሲጀመር ሚስቱን አጠገቡ አስቀመጣት።

«ስሚኝ» አላት። «አባቴ ሲታመም እናቴ ቤቱን ሙልጭ አድርጋ ሸጠች። እሱም ሞተ፣ እሷም ባዶ ወለል ላይ ቀረች። ከዚህ ቤት ለእኔ ተብላ አንዲት ማንኪያ የተሸጠች ቀን፣ እዚያ ማሽን ሥር ዳግመኛ አልተኛም።»

«ማን ይሸጣል? ፋብሪካው እየከፈለ!» አለችው።

ፋብሪካው ከፈለ፤ ከፈለና አንድ ሰኞ ጠዋት ተወ። የሆስፒታሉ ገንዘብ ያዥ በመስኮት በኩል ይህን ሲነግራት አናጢው ውስጥ ገብቶ፣ መርፌው ተሰክቶለት ተኝቷል። ለቤት ኪራይ የያዘችውን ከቦርሳዋ አውጥታ ከፈለች።

«ምን አሉሽ?» አላት ስትመለስ።

«ምን ይሉኛል፣ እንደወትሮው ነው።»

ቤቱ መስፋት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ሰዓቱ የት ሄደ ሲላት «ለእህትህ ልጅ የሠርግ ስጦታ ሰጠኋት፤ ለአዲስ ሰዓት ማን ገንዘብ ያወጣል?» አለችው። ጠረጴዛው ሲላት «ማዶ ለገቡት ጎረቤቶች» አለች። ቁም ሳጥኑ ሲላት ተቆጣች፤ «ሁለት ሰው ነን፣ ያለን ልብስ በአንድ ገመድ ይሰቀላል፤ ቁም ሳጥን ለምናችን ነው? የባለሱቁ ልጅ ጎጆ ልትወጣ ነው፣ ለእሷ ሰጠሁት።» የኖሩበት ልማድ ነውና አመናት። እንዲያውም ኮራባት። «አንቺ ሴትዮ፣ ይህን ቤት አራግፈሽ ሰው ልታደርጊው ነው!» ይላል። ከተማው ሁሉ በእሱ ዕቃ የተጌጠ ይመስለው ነበር። ውሸቱን ከእውነተኛ ኑሯቸው ላይ ቀዳ ስለሰፋችው ስፌቱ አይታይም።

አንድ ቅዳሜ የአናጢው ታናሽ እህት ልትጠይቀው መጣች። ገና ከመቀመጧ፣

«ሰዓቱ እንዴት ሆነ? ይሠራል?» አላት አናጢው።

«የቱ ሰዓት ጋሼ?»

እንዳዲስ ከአናጢው ጀርባ ቆማ ነበር። ሁለት እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ እህቱን በዓይኗ ለመነቻት።

«ለልጅሽ የሰጠናት ነዋ! የግድግዳው!»

እህቱ ግድግዳው ላይ የቀረችውን ባዶ ምስማር አየች። ከዚያ እንዳዲስን አየች።

«ውይ፣ እሱ! እንዴት አድርጎ ነው የሚሠራው ጋሼ! ጎረቤቱ ሁሉ ሰዓት የሚጠይቀው እነሱን ነው። ድምፁ ብቻ…»

«ድምፅ የለውም እኮ» አለ አናጢው።

«እሱን ነው የምልህ! ድምፁ አይረብሽም!»

አናጢው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እህቱ ስትወጣ ግን በሩ ላይ የእንዳዲስን ክንድ ጨብጣ ያዘች።

«እትዬ፣ ሁሉንም ሸጠሽዋል?»

«አልጋው ቀርቷል።»

«ንገሪው። በኋላ በሰው አፍ ቢሰማ አይሻልም።»

«ከነገርኩት እኔው ገደልኩት። በማግስቱ አልሄድም ነው የሚለው፤ ወንድምሽን አታውቂውም?»

እህቱ ወንድሟን ታውቀዋለች። የታክሲዋን ሂሳብ ከኪሷ አውጥታ እንዳዲስ መዳፍ ውስጥ ጨመቀችና በእግሯ ሄደች።

ለሚቀጥለው ሐሙስ የሚከፈል አልነበረም። ስለዚህ ሰኞ ዕለት አናጢውን ማሽኑ ሥር አስተኝታ አሮጌ ዕቃ ገዢውን ከነጋሪው ወደ ቤት አመጣችው። ሰውየው አልጋውን ዞረው። ዳሰሰው። ምስማር ፈለገ፤ አንድም የለም። ብሎን ፈለገ፤ የለም።

«ይኼ በየት ነው የሚፈታው?»

«እኔ እንጃ።»

«ታዲያ በየት በኩል ገባ?»

ያኔ ነው ያስተዋለችው። አልጋው በዚያ በር ገብቶ አያውቅም። የተጋቡ ሰሞን አናጢው እንጨቱን በቁራጭ በቁራጭ ተሸክሞ አስገብቶ፣ እዚሁ ክፍል ውስጥ ነበር የገጠመው። ከበሩ ይሰፋል። ይህን ሁሉ ዘመን ምስጢር ላይ ተኝታ ስታድር አላወቀችም!

«በመጋዝ ልቁረጠው» አለ ገዢው። «ግን ያኔ ዋጋው የማገዶ ነው፣ እናቴ።»

የማገዶ ዋጋ ለሐሙስ አይደርስም። «እዚሁ ጠብቀኝ» ብላው ወደ ሆስፒታል በረረች። መንገዱን ሙሉ የምትጠይቅበትን መላ ስትገለባብጥ ሄደች። አልጋው የሚፈታበትን የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ከሰማ ማሽኑን ይተዋል።

አናጢው ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቷል።

«አንተዬ» አለችው፣ ትንፋሿን እየዋጠች። «አልጋችን ትኋን ሳይገባበት አይቀርም። ፈትቼ ፀሐይ ላይ ላውለው አሰብኩ። በየት ነው የሚፈታው?»

ፊቱ በራ። ስለ ሥራው የጠየቀው ሰው ካጣ ቆይቷል።

«አታገኚውማ! ማንም አያገኘውም!» አለ። «ከግርጌው በግራ በኩል ካለው እግር ጀምሪ። ከሥሩ እጅሽን ብትሰጂ አንዲት የእንጨት ሽብልቅ አለች፣ እንደ ጣት የቀጠነች። ከታች ወደ ላይ ምቻት። ከላይ ወደ ታች ከመታሻት እግሩ ይሰነጠቃል። እሷ ከወጣች ሌላው በእጅ ይላቀቃል። ስትመልሻት ደግሞ ቀጭኑ ጫፍ…»

አቋረጠ። ላቧን አየ። ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል አየ።

«ትኋን ነው እንዲህ ያስሮጠሽ?»

በነጠላዋ ጫፍ ላቧን ጠረገች።

«ለማን ነው የምትሰጪው? አልጋም ስጦታ ይሰጣል?»

ዓይኗን ወደ ቱቦው አዞረች።

«ሰዓቱስ? ቁም ሳጥኑስ? መጋዜና መላጊያዬስ፣ ለፋብሪካ ልጆች አውሼያለሁ ያልሽኝ?»

ማሽኑ ብቻ ያጉረመርማል። ደሙ በቱቦው ውስጥ ይሄዳል፣ ይመጣል።

«ሂጂ» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «አልጋውን እንዳትነኪ። ሐሙስ አልመጣም። መሞቴ ካልቀረ በእጄ በሠራሁት ላይ ልሙት።»

ወጣች። ቤት ስትደርስ ገዢው ጋሪው ላይ ተቀምጦ ያፏጫል። አልጋው ሥር በደረቷ ገባች፤ ሽብልቋን በጣቷ አገኘቻት። መዶሻው ከተሸጠ ቆይቷል፤ በድንጋይ፣ ከታች ወደ ላይ መታቻት። አልጋው አልጮኸም፣ አልተሰበረም። አግዳሚው ከቋሚው ተላቀቀ፤ ቋሚው ከራስጌው ተላቀቀ፤ ያ ሁሉ ክብደት ቀስ ብሎ ተዘረጋ።

«ወይ ጉድ!» አለ ገዢው። «ይህን የሠራው ሰው በሕይወት አለ?»

«አለ» አለች።

ያን ዕለት አናጢውን ደግፋ ስታስገባው ወለሉ ላይ የተዘረጋውን ፍራሽ ለረጅም ጊዜ አየው። አልተሳደበም። ክንዷን ይዞ ወረደ፤ ወደ ሰማያዊው ቁራጭ ግድግዳ ዞሮ ተኛ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገራትም። ውኃ ስትሰጠው ይጠጣል፤ ስትጠይቀው አይመልስም።

ረቡዕ ዕለት አሮጌ ዕቃ ገዢው ሥራ ቦታዋ ድረስ መጣ።

«እንዳዲስ! ያ አልጋሽ የሰው መሳቂያ አደረገኝ!»

«ምን ሆነ ደግሞ?»

«ሸጬው፣ ቤታቸው ወስጄ ገጠምኩት፤ ይወዛወዛል። ሰው ሲቀመጥበት እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ነገ እስኪመሽ ካልተስተካከለ ገንዘቤን አምጪ፣ አልጋሽን ውሰጂ!»

የተራው ሰው በሳቅ ፈነዳ። «እንዳዲስ፣ አልጋውን ምን አጠጥተሽ ነው የሸጥሽለት?» አላት አንዱ። እሷም አብራ ሳቀች። መርፌው ጣቷን እስኪወጋት ድረስ መኪናዋን አላቆመችም።

ሐሙስ ጠዋት ልብሱን አዘጋጅታ አጠገቡ ቆመች። ከፍራሹ ላይ በራሱ መነሳት አይችልም፤ ጉልበቱ አይሸከመውም። ጎንበስ ብላ ሁለት እጇን ዘረጋችለት። አላያትም። ከሰኞ ጀምራ ያዘጋጀችው አንድ ውሸት ነበራት፤ ፋብሪካው መክፈል ጀመረ የሚል። አፏ ላይ ደርሶ ተወችው።

«ስማኝ» አለችው። «አልጋው እንደ ሰካራም ይወዛወዛል ተብሏል። ገንዘቡ ይኸው፣ ጉያዬ ውስጥ ነው። ወይ ለዛሬው እጥበት እከፍልበታለሁ፣ ስትወጣም ሄደህ አገጣጠሙን ታሳያቸዋለህ። ወይ እመልሳለሁ፤ አልጋህ ማታ ይመጣልሃል፣ ትሞትበታለህ። ከዚህ በላይ የምሸጠው የለኝም፤ የምዋሸውም የለኝም።»

ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ።

«ባዶ ወለል ላይ እንዳልቀር ነበር የፈራህልኝ? ይኸው ቀርቻለሁ። ግን እናትህ ብቻዋን ነበረች፤ እኔ ከነአንተ ነኝ።»

እጇ እንደተዘረጋ ነው።

«ወገቤ ተቆረጠ! ወይ ተነስ፣ ወይ እኔም ልተኛ።»

«ተኚ» አለ፤ ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ ነበር። «ቦታ እንደሆነ ሞልቷል፤ ሜዳ አድርገሽዋል።»

ተኛች። ጎን ለጎን ሆነው ጣሪያውን አዩ። ከመንገዱ የታክሲ ረዳቱ ጥሪ ይሰማል፤ ቀረበ፣ አለፈ። ሌላ መጣ፤ እሱም አለፈ። የሆስፒታሉ ተራ እያመለጠ ነው፤ ሁለቱም ያውቁታል። እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወደ ፍራሹ ይወርዳል፤ አልጠረገችውም።

«የቱ እግር ነው የሚወዛወዘው?» አለ።

«የግርጌው ነው መሰለኝ።»

«ሽብልቋን ገልብጠው ሰክተዋት ነዋ!» ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። «ቀጭኑ ጫፍ ወደ ታች ነው የሚሆነው፤ ልነግርሽ ስል ነው ያቋረጥኩት። ሰው ያን አልጋ ሰካራም ይለዋል? ያን አልጋ?»

«ብሎታል።»

«እግሩ አልተሰነጠቀም?»

«እንዳልከኝ ከታች ነው የመታኋት። አልተሰነጠቀም።»

አንድ እጁን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አወጣ።

«አንሺኝ» አለ። «የዛሬውን ነው እንጂ የሰኞውን አላውቅም።»

እሷም የሰኞውን አታውቅም። አነሳችው፣ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው፣ ጫማውን ልታስርለት ተንበረከከች። ቤቱ ከጥግ እስከ ጥግ ባዶ ነበር። ክሩን ስታጠብቅ እጇ ጫማው ላይ ትንሽ ቆየ፤ ቆዳው ገና ደህና ነበር፤ ቢወለወል እንዳዲስ ይሸጣል።