ክሬኑ አጠገብ የጸለይኩበት ሳምንት

ደርግ በወደቀ በአራተኛው ዓመት፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ልጄ ተስፋዬ ከሰሜን ስዊድን ደወለልኝ። "እማዬ፣ ማክሰኞ ፈተናዬ ነው፤ ጸልዪልኝ" አለ።

ተስፋዬ አገር ቤት ዶዘር ነጂ ነበር። ስቶክሆልም ከገባን በኋላ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ፋርስታ በሚባል ሰፈር የገበያ አዳራሽ ወለል ሲያጸዳ ኖረ። ከዚያ የክሬን ትምህርት ገባ፤ አንድ ዓመት ረዳት ሆኖ ሠራ። አሁን ከኪሩና ከተማ ወጣ ብሎ፣ ሮኬት በሚተኮስበት ቦታ፣ አዲስ ማማ እየተሠራ ነው። የማማውን አናት በትልቁ ክሬን አንስቶ በቦታው ካስቀመጠ የሥራው ኃላፊ ይፈርምለትና ቋሚ ነጂ ይሆናል። ካልሆነለት ወደ መጥረጊያው ይመለሳል። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። ሌላ እንዲህ ያለ ዕድል ቶሎ እንደማይመጣ እሱም እኔም እናውቃለን።

ስልኩን ዘጋሁ። ከዚህ፣ ከስቶክሆልም ዳር ከሮግስቬድ፣ ብጸልይ እግዚአብሔር አይሰማም ማለቴ አይደለም። ግን እናት ነኝ፤ ቀረብ ብዬ ልጸልይ አልኩ። ደግሞ የሚያውቁኝ ያውቃሉ፣ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። በጡረተኛ ካርዴ፣ ቱነልባና በሚሉት የከተማ ባቡር፣ ማለቂያው ድረስ እየሄድኩ ያላየሁት ሰፈር የለም። ኪሩና ግን ካርዱ የማይደርስበት አገር ነው።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣሁ ዳቦ ቆሎዬን፣ ሻይ በቴርሞስ፣ ሁለት ሹራብ ይዤ ተነሳሁ። የተስፋዬ ልጅ ሳራ እስከ ባቡሩ ሸኘችኝ። በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ በስዊድንኛ ትመልስልኛለች፤ እንዲህ ሆነን ለምደነዋል። የምትጠራኝም ፋርሞር ብላ ነው፣ የአባት እናት ማለት ነው።

"ሻንጣው ከበደሽ እንዴ የኔ ልጅ?"

"አይ ፋርሞር፣ ግን ምን ከተሽበት ነው? ድንጋይ?"

"የአባትሽ ዳቦ ቆሎ ነው።"

"ያው ድንጋይ ነው" አለችና ሳቀች።

ቱነልባናው ከጉልማርስፕላን ጣቢያ ወጥቶ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ውኃው ያብለጨልጫል፤ ሶደርማልም ከፊት ለፊት ይታያል። ሁልጊዜ የማየው ነው፤ ያን ቀን ግን እንደሚሰናበት ሰው አየሁት። ከሴንትራሌን፣ ከዋናው ባቡር ጣቢያ፣ ባቡሩ ከሰዓት በኋላ ተነሳ። በጡረተኛ ዋጋ አራት መቶ ክሮና ከፍዬበታለሁ። ቡናውን በአሥራ ሁለት ክሮና ሲሉኝ ግን ሻዬን ቀዳሁ።

ፊት ለፊቴ አንዲት የኪሩና ባልቴት ሹራብ እየሠራች ተቀምጣለች። በተሰባበረ ስዊድንኛዬ ልጄ ክሬን ይነዳል አልኳት። የእሷም ልጅ ብረት ማዕድን ቆፋሪ ነው።

"ያንቺ ወደ ላይ ያነሳል፣ የኔ ወደ ታች ይቆፍራል" አለች።

"እኔና አንቺ ደግሞ መሐል ቁጭ ብለን እንጨነቃለን" አልኳት።

ዳቦ ቆሎ ዘገንኩላት። አንዷን ጥርሷ ላይ አድርጋ ብዙ ከታገለች በኋላ ሻይዋ ውስጥ ነከረቻት። መስኮቱ ላይ ጥድ፣ ሐይቅ፣ ጥድ፣ ሐይቅ ነው። ቤት የሚባል እየራቀ ሄደ። ፀሐይዋም አልጠልቅ አለች፤ መጋረጃ ዘግተን ነው የተኛነው።

ሰኞ

ኪሩና ስወርድ ተራራው ላይ ገና በረዶ አለ። ዛፉ ደግሞ አጭር ነው፤ ብርድ እያደቀቀው ይመስለኛል ቁጥቋጦ ሆኖ ቀርቷል። ተስፋዬ በአሮጌ ቮልቮ ጠበቀኝ። አቅፎኝ ሲያበቃ ፊቱን አየሁት፤ ከስቷል።

"ትበላለህ?"

"እበላለሁ እማዬ።"

"ትተኛለህ?"

ሻንጣዬን አንስቶ መኪናው ውስጥ ከተተ።

ወደ ሥራው ቦታ አንድ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ነዳን። መንገዱ መሐል አጋዘኖች እንደኛ አገር ከብት ተኝተዋል፤ ጡሩምባ ቢነፋባቸው አይነሱም። ማታ የሠራተኞቹ ምግብ ቤት የቀረበውም እሱው የአጋዘን ሥጋ ነበር፣ ከተፈጨ ድንችና ከቀይ የዱር ፍሬ ጋር። ጴንጤ ከሆንኩ ብዙ ዘመኔ ነው፤ የልጅነት ልማድ ግን ቶሎ አይለቅም።

"ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው?" ብዬ ተስፋዬን ጠየቅሁት።

"የተሰነጠቀ ነው። ያመሰኳል ደግሞ። ብዪ በቃ!"

በላሁ። ጣፋጭ ነው፤ ትንሽ ጉበት ጉበት ይላል።

እዚያው የሥራው ኃላፊ ቤንግት መጥቶ ጨበጠኝ። ሽበታም፣ ረጅም፣ ንግግር የሚቆጥብ ሰው ነው። የሚፈርመው እሱ ነው። ማክሰኞ ቦታው ከታጠረበት ገመድ ውጭ ቆሜ እንድመለከት ፈቀደልኝ። ተስፋዬ ደግሞ ምክሩን አወረደብኝ፦ ከገመዱ እንዳታልፊ፣ ሄልሜትሽን እንዳታወልቂ፣ ከሁሉም በላይ እልል እንዳትዪ። "ሰው ይደነግጣል እማዬ!" ስለ እጄ ግን ምንም አላለኝም።

ማክሰኞ

ክሬን ስቶክሆልም ውስጥ ብዙ አይቻለሁ፤ ይሄ ግን ሌላ ነው። ጎማ የለውም፤ እንደ ታንክ በሰንሰለት ነው የሚሄደው። አንዱ ሰንሰለት ብቻ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። አፈሩ እንዳይሰምጥበት ሥሩ ወፋፍራም ግንድ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎለታል። ከኋላው የብረት ክምር ተሸክሟል፤ ከፊት የሚያነሳው ሸክም እንዳይደፋው ሚዛን የሚጠብቅለት እሱ ነው። ክንዱን ወደ ላይ ለማየት ሄልሜቴን በእጄ መያዝ ነበረብኝ። ጫፉ ላይ ነፋስ የሚለካ ትንሽ ነገር ይሽከረከራል። ነፋሱ ከተወሰነው ካለፈ ሥራ የለም።

ልጄ ከመስታወት ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ፊቱ ወደ እኔ ነው። ከፊቱ አኒካ የምትባል ወጣት ሴት ቆማ በእጇ ምልክት ትሰጠዋለች፤ ነጂው የሚያየው የእሷን እጅ ነው። ቤንግት ጎኗ ቆሟል።

መጀመሪያ የማማውን አናት ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ አነሱትና ያዙት። ሚዛኑ ልክ መሆኑን ሁሉም አየው። ከዚያ አኒካ ጣቷን ወደ ላይ አሽከረከረች፤ ብረቱ መውጣት ጀመረ። የቤት ክዳን የሚያህል ነገር ነው፤ አወጣጡ ግን ዳዴ ከሚል ሕፃን የባሰ ቀርፋፋ ነው። ግማሽ መንገድ ደረሰ። የመጣሁለት ሰዓት ይኸው ነው አልኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ሁለት እጄን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ፣ መዳፌን ከፍቼ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደማደርገው። "ጌታ ሆይ፣ የልጄን እጅ ያዝለት" አልኩ።

የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ዓይኔን ስከፍት ብረቱ አየር ላይ ቆሟል። ሰው ሁሉ እኔን ያያል። አኒካ ወደ እኔ እየሮጠች ነው።

"ምን አየሽ? የቱ ጋ ነው?" (በስዊድንኛ ትልቅም ትንሽም አንቺ ነው።)

"ምንም አላየሁም።"

"ታዲያ ለምን?"

"እየጸለይኩ ነበር።"

አኒካ እጄን አየች፣ ፊቴን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሁለት እጅ ወደ ላይ፣ መዳፍ ወደ ፊት፣ በእነሱ ሥራ "አደጋ! አቁም!" ማለት እንደሆነ ነገረችኝ። ሌላውን ምልክት የሚሰጥ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ይህን ግን ማንም ሰው ቢያሳይ ነጂው ማቆም አለበት።

አንዴ ከቆመ ደግሞ ዝም ብሎ መቀጠል የለም። ሕጋቸው ነው። ገመዱን፣ መንጠቆውን፣ ሰንሰለቱን፣ የተነጠፈውን ግንድ አንድ በአንድ ፈተሹ። እነሱ ሲፈትሹ ጫፍ ላይ ያለችው መለኪያ መፍጠን ጀመረች። ቤንግት ቀና ብሎ አያት፣ ሰዓቱን አየ፣ እጁን ወደ ታች አደረገ። ብረቱን መልሰው መሬት አስቀመጡት። ነፋሱ ቀናት እንደሚቆይ በሬዲዮ ተነግሯል አሉ።

ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዤ የልጄን ፈተና አበላሸሁ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ተስፋዬ ክፍሉ ውስጥ ጫማውን ሳያወልቅ ተጋድሟል።

"ተቆጣኝ" አልኩት።

"ተቆጥቻለሁ።"

"እኔ መሆኔን አላየህም?"

"አየሁሽ እንጂ። ያንን እጅ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እየጸለየች ነው ብያለሁ።"

"ታዲያ አኒካ አንሳ እያለችህ ለምን አቆምክ?"

ተነስቶ ቁጭ አለ። "እማዬ፣ እጁ የማን ነው ተብሎ አይመረጥም። ዛሬ እናቴ ናት፣ መጸለይዋ ነው ብዬ ባልፍ፣ ነገ የሌላውንም ምክንያት አበጅቼለት አልፋለሁ። ከሥር እኮ ሰው አለ።"

ጫማውን አወለቅኩለት።

ረቡዕና ሐሙስ

ነፋሱ ነፈሰ። ሠራተኞቹ ካርታ ይጫወታሉ፤ እኔን ሲያዩ አንዱ ሁለት እጁን ያነሳል፣ ሌሎቹ ባሉበት ድርቅ ይላሉ፣ ከዚያ ይስቃሉ። እኔም ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን ያራል። ረቡዕ ቤንግት ጋ ሄድኩ። ቡናውን ከቴርሞሱ እየጠጣ ወረቀት ያገላብጣል።

"ጥፋቱ የኔ ነው። እሱን አትቅጣው" አልኩት።

"አልቀጣሁትም።"

"ትፈርምለታለህ?"

"ብረቱ ገና መሬት ላይ ነው" አለኝ። ቡና ቀዳልኝና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። እንዲህ ያለ ሰው ደግነቱም ክፋቱም አይታወቅም።

ዓርብ

ጠዋት ስንነሳ ቅጠል አይንቀሳቀስም። መቅረት ፈልጌ ነበር። "እንዳትቀሪ። እጅሽን ብቻ ኪስሽ ክተቺ" አለኝ ተስፋዬ። አኒካ ያንኑ ቦታ አቆመችኝ፤ የካፖርቴን ኪሶች በራሷ እጅ ነካ ነካ አድርጋ አረጋገጠች።

ብረቱ አንድ ስንዝር ተነሳ። ቆየ። ከዚያ ወጣ፣ ወጣ፣ ማክሰኞ የቆመበትን አለፈ። ዓይኔን አልጨፈንኩም። ኪሶቼ ውስጥ እጆቼን ጨብጬ ያዝኩ። አናቱ ከማማው በላይ ሆኖ ዞረ፤ ላይ ያሉት ሰዎች በገመድ እየሳቡ አቀኑት፤ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ብሎኖቹ እስኪጠብቁ ገና ብዙ ቆየን። በመጨረሻ አኒካ እጇን አጣጠፈች፤ ሥራው አበቃ ማለት ነው።

ተስፋዬ ከክሬኑ ወረደ። ቤንግት ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጠው። ተስፋዬ አነበበና ለእኔ አቀበለኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ ነው፤ የስዊድንኛውም ጽሑፍ አይገባኝም። የልጄን ስም ግን አወቅሁት፤ ፊርማ አለበት። ቁጥርም አነባለሁ።

"ቤንግት፣ ቀኑን ተሳስተሃል፤ የማክሰኞን ጽፈሃል" አልኩት።

"አልተሳሳትኩም። ማክሰኞ ነው የፈረምኩት።"

"ማክሰኞ እኮ አላነሳም!"

"አቁሟል" አለ ቤንግት። "እናቱ መሆንሽን ያውቅ ነበር፤ አቆመ።"

"ታዲያ ረቡዕ ስለምንህ ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ አንቺ ለእሱ ትነግሪዋለሽ፤ እሱ ተዘናግቶ ያነሳል።" ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። "አሁን እጅሽን ማውጣት ትችያለሽ።"

እጄን አወጣሁ። ተስፋዬ የከለከለኝንም እልልታ አቀለጥኩት። አኒካ ጆሮዋን ያዘች።

መመለስ

ቅዳሜ ባቡር ተሳፈርኩ፤ እሑድ ጠዋት ሮግስቬድ ገባሁ። ሳራ በር ላይ "አባዬስ?" ብላ በአማርኛ ጠየቀችኝ። "ነጂ ሆነ" አልኳት። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ልብሴን ቀይሬ ቤተ ክርስቲያን ደረስኩ። ስሄድ የለመንኩት እንዲያነሳ ነበር፤ ሥራው የተሰጠው ግን በማቆሙ ነው። እንዲያቆም ብዬ መጸለይ በጭራሽ አይታሰበኝም ነበር። እንግዲህ ጌታ ከእኔ ይልቅ ስለ ክሬን ያውቃል ማለት ነው። ዝማሬው ሲጀመር ሕዝቡ ሁሉ እጁን አነሳ፤ እኔም አነሳሁ። ግን አንድ ዓይኔን ከፈት አድርጌ ዙሪያዬን አየሁ። ማንም ዝማሬውን አላቆመም፤ ይቀጥላል። ከዚያ ዓይኔን ጨፈንኩ።