ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ያቆየሁት ወሬ

ነገሩ የሆነው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል፣ እንጅባራ ላይ ነው። በጋዜጠኝነት ሥራዬ ብዙ ክፉ ዜና ለሰው አድርሻለሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ሳልናገር ያቆየሁት መልካም ወሬ ነው።

አባቴ የተቃጠለ የወፍጮ ሞተር ከዳንግላ ሳይቀር የሚመጣላቸው ሰው ነበሩ። የነደደውን ሽቦ አውጥተው አዲስ ይጠቀልላሉ፤ ቫርኒሽ ቀብተው በከሰል ሙቀት ያደርቃሉ። ያን ጊዜ አንድ የብረታ ብረት ድርጅት በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሲኤንሲ ማሽን ነበረው። ብረቱ የሚታሰርበትን ጠረጴዛ የሚነዳው ሰርቮ ሞተር ተቃጠለና ወደ እሳቸው መጣ። እንዲህ ዓይነት ሞተር ነክተው አያውቁም። ሦስት ቀን ደከሙበት።

ሞተሩ ተገጥሞ ማሽኑ ሲነሳ ጠረጴዛው ተወርውሮ ጥጉን መታ። ስክሪኑ ላይ የብልሽት ምልክት ወጣና ሁሉም ነገር ቆመ።

"አባባ፣ ይሄ እኮ ጤፍ አይፈጭም! ወፍጮ መሰለዎት?" አላቸው የድርጅቱ ባለቤት። ሠራተኞቹ ሳቁ። አባቴ መፍቻቸውን ሰብስበው ወጡ።

ከባሕር ዳር ባለሙያ ተጠራ። ማክሰኞ ሲመረምር አጠገቡ ቆምኩ። ሞተሩን እዚያው ማሽን ላይ ካለ ሌላ ሞተር ጋር ቢያቀያይረው ብልሽቱ የአባቴን ሞተር ተከትሎ ሄደ፤ ችግሩ ከማሽኑ ሳይሆን ከዚያ ሞተር ነበር ማለት ነው። ቀጥሎ የሽቦውን ጥቅልል ለካ።

"ማነው የጠቀለለው? እጁ ይባረክ" አለ። "ጥፋቱ ኢንኮደሩ ላይ ሳይሆን አይቀርም።" ኢንኮደር ከሞተሩ ጀርባ ተገጥሞ፣ ሞተሩ የት እንደደረሰ ለማሽኑ የሚነግር ዕቃ ነው።

ሠራተኞቹን ጠየቅኳቸው። በአባቴ ከሰል ሙቀት እንዳይበላሽ ፈርተው፣ ሞተሩን ከመላካቸው በፊት ኢንኮደሩን ፈትተው አስቀርተውታል። ቦታውን ምልክት አላደረጉበትም። ሞተሩ ሲመለስ በግምት አሰሩት።

ለአባቴ ግን አልተነፈስኩም። ማሽኑ ሲሠራ በዓይኔ ማየት ፈለግኩ። ባለሙያው ሁለት ቀን ፈጅቶበት ኢንኮደሩን በልኩ አስተካክሎ አሰረው፤ ዓርብ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሳይቆም ብረት ቆረጠ። ባጃጅ ይዤ ወደ ቤት በረርኩ።

የአባቴ መሥሪያ ክፍል ባዶ ነበር። መጠቅለያውን፣ ሽቦውን፣ መለኪያውን ሐሙስ ዕለት ለአንድ የጫግኒ ሰው ሸጠውታል።

"አባባ፣ ጥቅልልዎ ምንም እንከን የለበትም" ብዬ ሁሉንም አስረዳኋቸው።

እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ "መቼ ነው ያወቅኸው?" አሉ።

"ማክሰኞ። ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።"

"ማክሰኞ እኮ አብረን እራት በላን፣ ልጄ" አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም።

ባለቤቱ መጥቶ ይቅርታ ጠየቃቸው። እኔም ዕቃውን መልሼ ልግዛልዎት ብላቸው እምቢ አሉ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሩ፤ አንድም ሞተር አልፈቱም።

ዛሬም ያላረጋገጥኩትን አልዘግብም፤ በዚህ አልጸጸትም። ያን ማክሰኞ ግን "ጥፋቱ የእርስዎ አይመስለኝም" ብላቸው ኖሮ ዕቃቸውን አይሸጡም ነበር። ይህን ማረጋገጥ አልችልም። ግን አውቀዋለሁ።